ድካም ሁሉ ስንፍና አይደለም

(በክሊኒክ ተራ ለሚጠብቁ ባለትዳሮች የተሰጠ ትምህርት)



በዚህ ክፍል ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ስናስተምር ደጋግመን የምንሰማው አንድ ቅሬታ አለ። «ሲስተር፣ መርፌው ነው መሰለኝ አቅም አሳጣኝ» የሚል ነው። ጠጋ ብለን ስንጠይቅ ግን ለአንዳንዶቹ ድካሙ የጀመረው መርፌውን ከመውሰዳቸው በፊት፣ ኮቪድ ይዟቸው ከዳኑ ወዲህ ሆኖ ይገኛል። የዛሬው ትምህርታችንም ስለዚሁ ድካም ነው።

በቅድሚያ ስማቸውን ሳልጠቅስ የአንድ ባልና ሚስት ታሪክ ልንገራችሁ። ሚስት በሚያዝያ ወር 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ታመመች። ትኩሳቱና ሳሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለቀቃት፤ ሆስፒታልም አልተኛችም። ድካሙ ግን አብሯት ቀረ። መስከረም ሲጠባ እንደምታውቁት በእኛ አገር መስቀል ደረሰ፤ ዘመድም ከአዲስ አበባ ወደ ቤቱ ገባ። እርሷም እንደ ወትሮዋ ቤት አጸዳች፣ ግድግዳ ቀባች፣ ቅቤ አነጠረች፣ ቆጮ ጋገረች፣ እስከ እኩለ ሌሊት ክትፎ ከተፈች። በበዓሉ ዕለት እየሳቀች እንግዳ አስተናገደች። በሦስተኛው ቀን ግን ፀጉሯን ለማበጠር እጇን ማንሳት አቃታት። እንግዶቹ ገና አልተመለሱም ነበር። ባልየውም «ትናንት ስትሮጥ የነበረች ሴት ዛሬ ምን ነካት?» ብሎ ተቆጣ። እኔ ዘንድ ይዟት ሲመጣ በመጀመሪያ የተናገረው «ሲስተር፣ ሚስቴ ሰነፈች» የሚል ነበር። ከሁሉ ይበልጥ ያሳዘነኝ ግን እርሷም አንገቷን ደፍታ «እውነቱን ነው፣ ሰንፌአለሁ» ማለቷ ነው።

ሰነፍ አልነበረችም። ታማ ነበር።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ አስቸኳይ ጊዜ ማብቃቱን ሲገልጽ ብዙዎቻችን ነገሩ ያለቀ መሰለን። ይሁን እንጂ ቫይረሱ ዛሬም አለ፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ጥሎት የሄደው ጣጣም አላለቀም። ይኸው ድርጅት በመስከረም ወር 2014 ዓ.ም. ለዚህ ሕመም ትርጉም አውጥቶለታል። እኛም «የኮቪድ ማግሥት ሕመም» ልንለው እንችላለን። በተለምዶ አንድ ሰው ኮቪድ ከያዘው ከሦስት ወር በኋላ የሚታይ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆይና በሌላ በሽታ ሊብራራ የማይችል ሕመም ማለት ነው። ዋና ዋና ምልክቶቹ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠርና ነገርን መርሳት ወይም ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል ናቸው። በድርጅቱ ግምት ኮቪድ ከያዛቸው 100 ሰዎች ውስጥ 6 ያህሉ ይህ ይደርስባቸዋል። ሴቶችን ከወንዶች ይበልጥ ያጠቃል። በሽታው ቀለል ብሎ ያለፈላቸውንም አይምርም።

የዚህ ድካም ልዩ ጠባዩ በእንቅልፍ የማይጠፋ መሆኑ ነው። ከሥራ በኋላም ወዲያው ላይመጣ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ሰውየው ከአቅሙ በላይ ከሠራ ከ12 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጥለዋል፤ ለቀናት፣ አልፎ አልፎም ለሳምንታት ያስተኛዋል። የእኚያ የመስቀል እንግዶች ፊት ሴትየዋ የወደቀችው በዚህ ምክንያት ነው። በመሆኑም «ተነሺና ሥሪ፣ ሰውነትሽ ይፍታታ» የሚለው ምክር እንዲህ ላለው ሰው መድኃኒት ሳይሆን ጉዳት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ተመርመሩ። ድካም ሁሉ ከኮቪድ የመጣ አይደለም። የደም ማነስ፣ ስኳር፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ፣ ድብርት ሁሉ ያደክማሉ። የወር አበባዋ የቀረባት ሴት ድካሟ እርግዝና ሊሆን ይችላል። የወር አበባዋ የሚበዛባትም ደሟ አንሶ ይሆናል። ሉፕ ያስገባች እናት ደም ከበዛባት ትንገረን፤ ሌላ ዘዴ ልንመርጥላት እንችላለን። መርፌው ነው ብላችሁ ግን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ መጥታችሁ አማክሩን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና።

ሁለተኛ፣ አቅምን እንደ ወር ደመወዝ አብቃቁት። ደመወዙን በመጀመሪያው ሳምንት የጨረሰ ቤተሰብ ወሩን በዕዳ ይገፋል። አቅምም እንዲሁ ነው። የቀኑን ሥራ ከፋፍሉት፤ ሽንኩርት መክተፍና ልብስ ማጠፍ ተቀምጦ ይሠራ፤ ከባድ ሥራ ሁለት በአንድ ቀን አይደራረብ። ዕረፍት ደክሞ ከወደቁ በኋላ ሳይሆን ከመድከም በፊት ይሁን። ደህና በሆነው ቀን ያለፈውን ሁሉ ላካክስ አትበሉ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው በዚያ ቀን ነው።

ሦስተኛ፣ ምግብን በሚመለከት፣ ቆጮ ኃይል ይሰጣል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ሲገኝም ሥጋ ይጨመርበት። ደም ያነሰው ሰው ቡናና ሻይ ከምግቡ ጋር ባይጠጣ ይመረጣል።

አራተኛ፣ ልጅን አራርቆ መውለድ እዚህ ላይ ትልቅ እርዳታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ወሊድ በኋላ ለሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር እንዲጠበቅ ይመክራል። አቅሟ ያልተመለሰ እናት በላዩ ላይ እርግዝና ሲጨመርባት ሸክሙ እጥፍ ይሆናል። በእግሯ ወይም በሳንባዋ የደም መርጋት ደርሶባት የሚያውቅ ሴት ክኒን ከመጀመሯ በፊት ይህንኑ ትናገር፤ እስትሮጅን ያለበት ክኒን ለእርሷ አይሆንም።

አምስተኛው ለባሎች ነው። ሕመሙ እናንተንም ሊይዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቃሉ ለሚስቶች ይሆናል። የደከመ ሰው በመኝታም ፍላጎቱ ሊቀንስ ይችላል። ይህ ፍቅር ማለቁን አያሳይም። ተነጋገሩበት እንጂ አትኳረፉበት። ውኃ መቅዳት፣ ገበያ መሄድ፣ ልጅ ማጠብ ወንድነትን አይቀንስም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት አባቶቻችን ለትዳርም የተናገሩ ይመስለኛል።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የደረት ውጋት፣ ተቀምጦ ሳለ የሚያጥር ትንፋሽ፣ ራስን መሳት፣ የአንድ እግር ድንገተኛ እብጠት፣ ወይም «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ተራ አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ወደ ባልና ሚስቱ ልመለስ። በምርመራ ደሟ በመጠኑ አንሶ ተገኘ፤ ለእርሱም መድኃኒት ተሰጣት። ደሟ ከተስተካከለ በኋላ ግን ድካሙ ቀስ በቀስ እንጂ በአንዴ አልሄደም። ብዙዎች በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ ከዓመት በላይ የሚቆይባቸውም አሉ። በሚቀጥለው መስቀል የቤቱ ሥራ በሦስት ሳምንት ተከፋፈለ። ግድግዳውን ባልየው ቀባው፤ ክትፎውንም የከተፈው እርሱ ነው። እርሷ ተቀምጣ ጎመን ቀነጠሰች። በዓሉ ካለፈ በሳምንቱ ለመርፌዋ ስትመጣ በእግሯ መጣች። እርሱም በሩ ላይ ቆሞ «ሲስተር፣ ያን ጊዜ ያልኩትን ቃል ከመዝገብ ሰርዢልኝ» አለኝ። እኔም «ወንድሜ፣ እርሷ ከሰረዘችልህ ይበቃል» አልኩት።

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።