ደወል በማይደወልበት ቀን

(የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በጠዋት ጸሎት ጉባኤ ላይ ያሰሙት ንግግር)



የትምህርት ቤታችን በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት በፊታችሁ ቆመን ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። ለንግግራችን የመረጥነው ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም፤ ሥራ በበዛበት ኑሮ ውስጥ ክርስቲያን የየዕለቱን መንፈሳዊ ኃይል ከወዴት ያገኛል? የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ያነሣነው ለንግግር ያህል ብቻ አይደለም። በዚህ ትምህርት ቤት ሳለን ጠዋት ደወል ይደወላል፤ ተሰልፈን ወደ ጸሎት ቤት እንገባለን፤ ቅዱስ መጽሐፍ ይነበብልናል፤ መዝሙርም ይዘመራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ይህ ደወል ለእኛ አይደወልም። ከእኛ አንዳንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ፤ አንዳንዱ ወደ ሥራ፤ አንዳንዱም ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። ጸሎታችን የራሳችን እንደ ነበረ ወይም የደወሉ ብቻ እንደ ነበረ የሚገለጠው በዚያን ጊዜ ነው።

ብዙ ሰው ስለ ጸሎት ሲጠየቅ «ጊዜ የለኝም» ይላል። ይህን ሐሰት ነው አንልም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሸክም ከባድ እንደ ሆነ እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ቁጥር የሰማ ተማሪ ሌሊቱን ለጥናት ሰጥቶ ጸሎቱን «ከፈተና በኋላ» ብሎ ቢያቆየው አያስደንቅም። ነገር ግን ከፈተናው በኋላ ሌላ ፈተና አለ፤ ከትምህርቱ በኋላ ሥራ፤ ከሥራው ጋር ደግሞ ቤትና ልጆች አሉ። ነጻ ጊዜ እስኪመጣለት የሚጠብቅ ሰው ሳይጸልይ ያረጃል።

እስራኤል በምድረ በዳ የበሉትን መና እናስታውስ። መናው የሚለቀመው ጠዋት ጠዋት ነበር፤ ፀሐይ ሲሞቅ ይቀልጥ ነበር። ለነገ ብሎ ያሳደረው ሰው ተልቶና ሸትቶ አገኘው። ለሰንበት ብቻ በስድስተኛው ቀን እጥፍ ተለቀመ። ሕዝቡም 40 ዓመት እንዲህ ኖረ። የነፍስም ምግብ እንደዚሁ ነው። ባለፈው ዓመት ጉባኤ ላይ የተሰማን ደስታ የዛሬን ኀዘን አይችልም፤ በእሑድ የሰማነው ስብከትም የሐሙስን ቁጣ ብቻውን አያበርድም። ጌታችን ያስተማረን ጸሎት እንኳ የሚለምነው የዕለቱን እንጀራ ነው።

ደግሞስ በቅዱስ መጽሐፍ ጸሎተኞች ተብለው የምናውቃቸው ሰዎች ሥራ ፈቶች ነበሩን? ዳንኤል በባቢሎን በ120 መሳፍንት ላይ ከተሾሙት ከሦስቱ አለቆች አንዱ ነበር፤ ሆኖም በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር። ነህምያ የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ነበር፤ ንጉሡ ጥያቄ ባቀረበለት ጊዜ መልስ ከመስጠቱ በፊት በዚያው በቆመበት በልቡ ጸለየ። ጌታችንም በቅፍርናሆም ከተማው ሁሉ በደጅ ተሰብስቦበት ብዙ ድውያንን ሲፈውስ ካመሸ በኋላ፤ በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ለጸሎት ወጣ። ሥራ የበዛበት ቀን ጸሎትን የሚያስቀር ሳይሆን ይልቁንም የሚያስፈልገው መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

በአገራችንም ቢሆን ቀኑን ለእግዚአብሔር መከፋፈል የቆየ ሥርዓት ነው። የቀድሞ አባቶች ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ሰባት የጸሎት ጊዜያት ወስነዋል፤ የጋስጫው አባ ጊዮርጊስም ለዚሁ የሚሆን መጽሐፈ ሰዓታት ደርሰዋል። የሚስዮን ትምህርት ቤት ልጆች የሆንን እኛ ደግሞ አናሲሞስ ነሲብንና አስቴር ጋኖን ልንረሳ አይገባንም። ሁለቱም ከባርነት ነጻ ወጥተው በምጽዋ አጠገብ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ነበሩ። አናሲሞስ በአስቴር ረዳትነት ወደ ኦሮምኛ የተረጐመው አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893 ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ወጣ። እንዲህ ያለው ሥራ በአንድ ቀን ግለት አይፈጸምም፤ ቃል በቃል፤ ቀን በቀን የሚሠራ ነው።

ሩቅ ሳንሄድ ወደ እናቶቻችን እንመልከት። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው እሳት ያነድዳሉ፤ ምጣዱ እስኪሰማ ድረስ በዚያች አፍታ ከንፈራቸው ለጸሎት ይንቀሳቀሳል። ጊዜ የለኝም ማለት የሚገባው ሰው ቢኖር እነርሱ ነበሩ። ደግሞም ሊጡን ሁሉ ጋግረው አይጨርሱም፤ ለሚቀጥለው እርሾ ያስቀራሉ። እርሾዋ ጥቂት ናት፤ ነገር ግን የጠፋች እንደ ሆነ ከጎረቤት መለመን ይመጣል። የየዕለቱ ጸሎትም እንደዚህች እርሾ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፤ ጥቂት ግን የማይቋረጥ ሰዓት እንወስን። በቀን 10 ደቂቃ በዓመት ከ60 ሰዓት በላይ ይሆናል። እጃችን ጠዋት ወደ ስልክ ሳይዘረጋ በፊት ይህን 10 ደቂቃ ለጌታ እንስጥ።

ሁለተኛ፤ የምናነበውን በመጠን እንያዝ። የማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፍ ነው፤ በቀን አንድ ምዕራፍ ያነበበ በ16 ቀን ይፈጽመዋል። መጽሐፈ ምሳሌ 31 ምዕራፍ ስለ ሆነ ለአንድ ወር ይበቃል። ካነበብነው አንዲት ሐሳብ በደብተራችን ጽፈን ቀኑን ሙሉ እናሰላስላት። አንድ ቀን ቢያመልጠን የሁለቱን ቀን ዕዳ ለመክፈል ሳንጨነቅ፤ በማግሥቱ እንደገና እንጀምር።

ሦስተኛ፤ የመንገዱን ጊዜ አናባክን። ታክሲ ስንጠብቅ፤ ውኃ ስንቀዳ፤ የታመመ ስንጠይቅ እንደ ነህምያ አጭር ጸሎት መጸለይ ይቻላል።

ይህ ሁሉ ግን ፍሬው በሥራ ካልታየ ከንቱ ልማድ ነው። በፈተና አዳራሽ የጎረቤታችን ወረቀት በዓይናችን ሥር ተዘርግቶ ሳለ፤ ፈታኙም ዞር ባለ ጊዜ፤ ማን ይይዘናል? መልሱም በመልስ ወረቀቱ ላይ ሳይሆን በዚያ ጠዋትና ከዚያ በፊት ባሉት ብዙ ጠዋቶች ተዘጋጅቶ የሚገኝ ነው። ዝቅተኛ ነጥብ ሲመጣብን ተስፋ እንዳንቆርጥ፤ ከፍተኛ ነጥብ ስናገኝም ወድቆ የሚያለቅሰውን ጓደኛችንን እንዳንንቅ የሚያደርገን ይኸው ኃይል ነው።

ክቡራን መምህራን ሆይ፤ ስለ ደወሉ እናመሰግናችኋለን፤ መንገዱን አሳይቶናልና። ወላጆቻችን ሆይ፤ ከቤት ርቀን ስንሄድ ስንቅ ስትቋጥሩልን «ዛሬ ጸልየሃልን? ጸልየሻልን?» ብላችሁ መጠየቅን አትርሱብን። ከኋላችን የምትቀሩ ታናናሾቻችንም፤ ደወሉ ሲደወል በደስታ ተነሡ፤ የራሳችሁንም የጸሎት ሰዓት ከአሁኑ ጀምራችሁ ለዩ።

የየዕለቱን እንጀራ የሚሰጥ አምላክ የየዕለቱንም ኃይል ይስጠን። አሜን።