እስቲ አሳየኝ



ትናንት ማታ ልጃችሁ ስልክ ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር? «ከኋላህ ነው! ተኩስ! ተኩስ!» እያለ ይጮህ ነበር? እንግዲያው ፐብጂ ወይም ፍሪ ፋየር የሚባል የተኩስ ጨዋታ ሲጫወት ይሆናል።

እናት ትደነግጣለች። አባት ስልኩን ይቀማል። አይፈረድባቸውም። የወሎ ሰው በ2014ቱ ጦርነት የጥይት ድምፅን በራሱ ደጅ ሰምቶታል።

ግን ስልኩን ከመቀማታችን በፊት አጠገቡ እንቀመጥ። አንድ ዙር አብረን እንይ።

እንይ፤ ግድያው እንዴት ነው የሚታየው? እናዳምጥ፤ በማዳመጫው የሚያናግረው ማን ነው? የክፍል ጓደኛው ነው ወይስ የማያውቀው ጎልማሳ? የማያውቀው ከሆነ ድምፁን መዝጋት ይቻላል። እንጠይቅ፤ በጨዋታው ውስጥ ላለው መሣሪያ ማስዋቢያ፣ ለገጸ ባሕርዩ ልብስ ብር ይከፈላል ወይ? ጨዋታው ከሚወርድበት ገጽ ላይ የዕድሜ ገደቡ ተጽፏል፤ እሱንም እናንብብ።

ደግሞ ታናሹን እንይ። ታላቁ ሲጫወት እሱ በትከሻው ላይ አጮልቆ ያያል። ለታላቁ የፈቀድነው ለታናሹ ላይሆን ይችላል።

አይቶ የከለከለ ወላጅ ምክንያት አለው፤ ልጁም ይሰማዋል። ሳያይ የተቆጣ ወላጅ ግን ልጁን ጎረቤት ቤት ሄዶ ተደብቆ እንዲጫወት ያደርገዋል።

አይተን እንፍቀድ። አይተን እንከልክል። ዛሬ ማታ ከራት በኋላ ልጃችሁን «እስቲ አሳየኝ» በሉት።