ፍቅርና ግድያ በአንድ ጥራዝ፤ የሸዋ በር አንባቢዎች ፍርድ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። የምናገረው ፍቅርንና ግድያን አጣምረው ስለሚተርኩ፣ በተለምዶ «ልብ አንጠልጣይ» ስለምንላቸው ልብ ወለዶች ነው። ይህን የመረጥሁትም ስለ መጻሕፍቱ የሥነ ጽሑፍ ደረጃ ለመፍረድ አይደለም። አንባቢዎቻቸው የሚሉትን ለማቅረብና፣ እኛ የመጻሕፍት ቤት ሠራተኞች አንባቢውን ምን ያህል እንደምናዳምጥ ለመጠየቅ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሐረር ነው። ሐረሪዎች «አስመዲን በሪ» የሚሉት ሸዋ በር፣ ከጀጎል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ1976 ዓ.ም. በከተማው በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ቤት ኃላፊ ሆኜ ተመደብሁ። በዚያን ጊዜ ከበሩ ውጭ፣ ከገበያው ዳር፣ ባዶ ከረጢት ዘርግቶ በላዩ ላይ ያረጁ መጻሕፍት ደርድሮ በስሙኒ የሚያከራይ አንድ ሰው ነበር። የእኔ መደርደሪያ ሙሉ፣ ወንበሮቼ ግን ባዶ ነበሩ። የእርሱ መጻሕፍት ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ ገጻቸው በሙጫ የተጠገነ ሆኖ ሳለ ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበር።

አንድ ቀን ምክንያቱን ለማወቅ ሄድሁ። ሰውዬው ፈገግ ብሎ ከከረጢቱ ሥር አንድ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አወጣና «መምህር፣ ይህ የእርስዎ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። ገልጬ ብመለከት የመጻሕፍት ቤታችን ማኅተም አለበት። ለካስ አንዲት ተማሪ ከእኔ በሕጋዊ መንገድ የተዋሰችውን መጽሐፍ ለእርሱ መያዣ ሰጥታ፣ የፍቅርና የግድያ ታሪክ ተከራይታ ሄዳለች! ልጅቱ የወሰደችው መጽሐፍ በእኛም ዘንድ ነበር። ነገር ግን «ወጣቱን ያባልጋል» ተብሎ ስለ ተወሰነ፣ እኔም በውሳኔው ስለ ተስማማሁ፣ በቁም ሣጥን ተቆልፎበት ቁልፉ በኪሴ ውስጥ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከራዩ አጠገብ እየተቀመጥሁ የአንባቢዎቹን አስተያየት ማዳመጥ ልማድ አደረግሁ። ከሰማሁት ውስጥ አራቱን ብቻ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያዋ በመኪና ግርግር የምትሠራ ልብስ ሰፊ ናት። ገዳዩ ማን እንደሆነ ቢታወቅም ባይታወቅም ደንታ አልነበራትም፤ የምትከተለው የአፍቃሪዎቹን ልብ ነው። «ታዲያ ግድያው ለምን ያስፈልጋል?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ፍቅር ያለ አደጋ በምን ይለካል?» አለችኝ። «ሴት የላከው ጅብ አይፈራም ይባላል፤ በእኛ አገር ግን ጅቡ ማታ ማታ በደጃችን የሚያልፍ ጎረቤት ስለሆነ፣ እርሱን አለመፍራት የፍቅር ምስክር አይሆንም» ብላ አሳቀችኝ።

ሁለተኛው ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እርሳቸው ደግሞ በተቃራኒው ፍቅሩ ምርመራውን ያጓትተዋል ባይ ናቸው። «ደራሲው ማስረጃ ሲያልቅበት ልጅቱን ያስለቅሳታል» ይሉ ነበር። ይህ አስተያየት በውጭው ዓለምም ስመ ጥር ደጋፊዎች አሉት። አሜሪካዊው ኤስ. ኤስ. ቫን ዳይን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ለወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ሃያ ሕግጋት ሲደነግግ፣ ሦስተኛው ሕግ የፍቅር ታሪክ እንዳይገባበት የሚከለክል ነበር። እንግሊዛዊቷ ዶሮቲ ሴየርስም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ቅሬታ ጽፋለች። ይሁን እንጂ ይህችው ደራሲት በ1937 መርማሪ ጀግናዋን ድራ፣ መጽሐፉን በንዑስ ርእሱ ወንጀል ምርመራ የሚያቋርጠው የፍቅር ታሪክ ብላ አወጣችው። ሕግ አውጪው ሕጉን ለማክበር ካልቻለ፣ በሕጉ ውስጥ አንድ ጉድለት አለ ማለት ነው።

ሦስተኛዋ የልጆች እናት የሆነች መምህርት ናት። እርስዋ ያለችውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «በእነዚህ መጻሕፍት የገዳዩን ስም ሁሉም ያውቃል፤ የሟቿን ስም ግን የሚያስታውስ የለም። ሁልጊዜም የምትሞተው ሴት ናት፤ ሞቷም የሰው ፍቅር ማጣፈጫ ይሆናል» አለችኝ። ይህ ወቀሳ እውነት ነው፤ መልስ አለኝ ብዬ አልከራከርም። በቅናት የተነሣ መግደልን የፍቅር ብዛት አስመስሎ የሚያቀርብ ደራሲ አንባቢውን ይበድላል።

አራተኛው አንድ የሐረር ሽማግሌ ናቸው። ከሥጋ ገበያ ሲመለሱ ክርክራችንን ሰምተው ቆሙና እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የነቢዩ ዩሱፍን ታሪክ አታውቅም? ወንድሞቹ በሐሰት ደም የተነከረ ልብስ ለአባታቸው አቀረቡ፤ ያልተገደለውን ተገደለ አሉ። በኋላም የጌታው ሚስት ወደደችው፤ እምቢ ባላት ጊዜ ከሰሰችው። ልብሱ ከፊት ተቀድዶ ቢሆን እርስዋ እውነተኛ በሆነች ነበር፤ የተቀደደው ግን ከኋላ ነበርና የእርሱ ንጽሕና ታወቀ። ፍቅር አለ፣ የግድያ ወሬ አለ፣ ማስረጃም አለ። ታዲያ እናንተ የምትከራከሩት በምኑ ነው?»

እኔም በክርስትናው ወገን የማውቀውን አስታወስሁ። ንጉሥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወድዶ ባልዋን በጦር ግንባር እንዲሞት ባደረገ ጊዜ፣ ነቢዩ ናታን በቀጥታ አልወቀሰውም። የድኻውን አንዲት በግ ስለ ወሰደ ባለጠጋ አንድ ታሪክ ነገረው። ንጉሡ በቁጣ ከፈረደ በኋላ ነው የተፈረደበት ሰው ራሱ መሆኑን የተረዳው። የፍቅርና የግድያ ልብ ወለድ ደህና ሆኖ ሲጻፍ የሚያደርገው ይህንኑ ይመስለኛል። ፍቅሩ አንባቢውን ከሰዎቹ ጋር ያዛምደዋል፤ ግድያው ዳኛ አድርጎ ያስቀምጠዋል። የሚፈርደው በሚወድደው ሰው ላይ ሲሆን ፍርዱ ራሱንም ይነካዋል። ሁለቱ ከተለያዩ ግን ፍቅሩ እንጉርጉሮ፣ ምርመራውም የሒሳብ ልምምድ ሆኖ ይቀራል።

የራሳችንን የድርሰት ታሪክ ብንመለከትም ፍቅርና የሞት አደጋ ተለያይተው አያውቁም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ጦርነትን፣ ምርኮንና ተደብቆ መጓዝን ከፍቅር ጋር ያያዘ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ም የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር በሽፍቶች እጅ ላይ ጥሎ ያሳየናል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ «ነገ ምን ይሆኑ ይሆን?» እያለ ልቡ ተንጠልጥሎ ይጠብቅ ነበር። የማሞ ውድነህ የስለላ መጻሕፍትም ይህንኑ ጉጉት ለሌላው ትውልድ አስተላልፈዋል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የሸዋ በር አንባቢዎችን ያከራከረው በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነበር። እንደምታውቁት ታሪኩ ከ1974ቱ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጋር የተያያዘ ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለ ማርያም እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ ወደ አሥመራ ይሄዳል፤ በዚያም ፊያሜታ ጊላይን ያፈቅራል፤ በዙሪያቸው ስለላና ግድያ ይካሄዳል። መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ከነበረው ከፍተኛ ሹመት ተነሣ። በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ።

የእኛ ከራይ ይህን መጽሐፍ በከረጢቱ ላይ አያኖረውም ነበር። ለሚያውቀው ሰው ብቻ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ለአንድ ሌሊት ይሰጣል። ልብስ ሰፊዋ «የፍቅር መጽሐፍ ነው» አለች፤ ጸሐፊው «የስለላ ነው» አሉ። መምህርቷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አሁንስ ጥያቄው ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ ደራሲው ተሻግሯል» አለች። ማን? ለምን? ማን ተጠቀመ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መጠየቅን ሕዝቡ በከፊል የተማረው እኛ ከናቅናቸው መጻሕፍት ነው። በዚያ ዘመን ጥያቄዎቹን በአደባባይ ማንሣት አይቻልም ነበር፤ በሹክሹክታ ግን አልጠፉም። መጽሐፉ ዛሬ በነጻነት ይሸጣል፤ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለውጭ አንባቢም ደርሷል። የደራሲው ፍጻሜ ግን በይፋ መልስ ሳያገኝ አርባ ዓመት አልፎታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሚጠራው ግን የሚጠይቅ ሰው እስካለ ድረስ ነው።

ወደ ቁም ሣጥኑ ልመለስ። በዚያ ሳምንት ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ መጻሕፍቱን በግልጽ መደርደሪያ ላይ አኖርሁ። ስለዚህም ተወቅሻለሁ፤ ወቀሳውን ተቀብያለሁ። ተማሪዋ የጂኦግራፊ መጽሐፋችንን ስትመልስ አንድ ቃል አልተናገርኋትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበርና። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣችና ያነበበችውን በሙሉ ተረከችልኝ። ገዳዩን ቀድማ እንዳወቀችው በኩራት ነገረችኝ። የሟቿን ስም ስጠይቃት ግን አላስታወሰችም። መጽሐፉን ከእጄ ተቀብላ፣ ቁጭ ብላ ፈለገችው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርባቸው አሳቦች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ አንባቢ የሚወድደውን መጽሐፍ በንቀት አንቆልፍበት፤ ብንቆልፍበትም ከግንቡ ሥር ያገኘዋል። ሁለተኛ፣ መጽሐፉን ስናውስ ጥያቄም አብረን እናውስ። «ማን ገደለ?» የሚለውን ደራሲው ራሱ ያነሣዋል፤ «የሞተችው ማን ነበረች?» የሚለውን ማንሣት ግን የእኛ ፋንታ ነው።