በአንድ ሰርቨር ስለሚያድሩ ሁለት ፕሮግራሞች የተደረገ ዲስኩር



የምናገረው ስለ ረቂቅ ፍልስፍና ሳይሆን ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ስለ ነሣኝ አንድ ትንሽ ስክሪፕት መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በ2003 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበውና በፒኤችፒ ቋንቋ የተጻፈው ዎርድፕሬስ ጽሑፍ ለማሳተም የተሠናዳ ፕሮግራም ነው፤ በአጠገቡ የራሳችንን ልዩ ሥራ የሚፈጽም ስክሪፕት ባስቀመጥን ጊዜ ግን እርሱ ባለርስት፣ የእኛው ጭሰኛ መሆኑን እንዘነጋለን። የእኔ ስክሪፕት ተግባሩ ባሕረ ሐሳብን ማስላት ነበር፤ ዓመቱን ተቀብሎ ወንበሩን፣ አበቅቴውንና መጥቅዑን፣ ከዚያም አጽዋማቱንና በዓላቱን ያወጣል፤ የዕለቱንም ቀን በእኛ አቈጣጠር ይናገራል። ለብቻው ሳስኬደው እንከን አልነበረበትም። የዎርድፕሬስን የአባላት መዝገብ ልጠቀም ብዬ ፕሮግራሙን ከስክሪፕቱ ራስጌ በጠራሁበት ዕለት ግን ሁለት ደዌ ያዘው፤ ስክሪፕቱን የሚጠይቀው የእጅ ስልክ መተግበሪያ መልሱን አልቀበልም አለ፣ ሌሊት ሌሊትም የትናንቱን ቀን ዛሬ ነው እያለ ይመሰክር ጀመር።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት ስሌቱን ነው። ለዚህ አበው መፈተኛ ትተውልናል፤ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሆኑ አስሊው ስቷል። የ2017 ዓመተ ምሕረትን ብንወስድ፣ 5500 ዘመነ ብሉይ ተጨምሮ 7517 ይሆናል፤ ይህ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፣ አንዱ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው፤ ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 1፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 29 ይወጣል። ስክሪፕቱም ይህንኑ ስለ መለሰልኝ ስሌቱን በነጻ አሰናበትሁት።

ከዚህ በኋላ ማድረግ የሚገባኝ ወደ ሰርቨሩ መዝገብ መሄድ ሲሆን፣ ገጹ በኮምፒውተሬ ላይ አምሮ ይታየኝ ስለ ነበር ዐይኔን አምኜ ሦስት ቀን በከንቱ አጠፋሁ። በመጨረሻ ሰርቨሩ የሚጽፈውን የጥያቄዎች መዝገብ ብገልጥ፣ 200 ተብሎ መጻፍ በሚገባው ስፍራ ሁሉ 404፣ ማለትም «የተፈለገው የለም» የሚል ቍጥር ተደርድሮ አገኘሁ። ነገሩ እንግዳውን በእጁ ማዕድ እያቀረበ በአፉ «ባለቤቱ የለም» እንደሚል አሽከር ነበር፤ ሰው ማዕዱን አይቶ ይቀመጣል፣ መተግበሪያው ግን ቃሉን ሰምቶ ከደጅ ይመለሳል።

ምክንያቱ በአንድ መስመር ተሰውሮ ነበር። እኔ የጠራሁት ደብሊውፒ-ብሎግ-ሄደር የሚባለውን ፋይል ሲሆን፣ ይህ ፕሮግራሙን ከማንቃት አልፎ በተጠየቀው አድራሻ የተጻፈ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ የእኔ ስክሪፕት ጽሑፍ አይደለምና ፍለጋው ባዶ ሲሆን 404 ብሎ ያውጃል። ደብሊውፒ-ሎድ የሚባለው ፋይል ግን ያነቃል እንጂ አይፈልግም። ስሙን በስሙ ለወጥሁ፤ ደዌው ተወገደ።

ሁለተኛው የሰዓት ነገር ነበር። ዎርድፕሬስ በተነሣ ቍጥር የፒኤችፒን ሰዓት ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ይመልሰዋል፤ አዲስ አበባ ከዚያ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ ስክሪፕቱ ገና ትናንት ላይ ነው። (ዕለት የሚለወጠው በምሽት ነው፣ በሌሊት ነው፣ ወይስ በንጋት የሚለው ክርክር ለሌላ ጉባኤ ይቆየን፤ ኮምፒውተሩ ግን በእኩለ ሌሊት ያምናል።) እኔ ዘወትር የምፈትነው በቀን ስለ ነበር ሐሰቱን አላየሁትም። ቀኑ የአዲስ አበባን ሰዓት በስም ጠርቶ እንዲጠየቅ ባደረግሁ ጊዜ ይህም ተስተካከለ።

አንዳንድ ባልንጀሮቼ፣ ነገር ሲበላሽ አምስት ነገር በአንድ ጊዜ ይለውጡና ሲድን ያዳነውን አያውቁትም፤ ይህን ልማድ እኔ አልወደውም። እናንተም አንዱን ለውጣችሁ መዝገቡን ሳትገልጡ ሁለተኛውን አትንኩ ብዬ እለምናችኋለሁ።

ያ ስክሪፕት ዛሬ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ቢጠየቅ የዕለቱን ቀን ይመልሳል፤ በመዝገቡም ላይ 200 ይጻፋል።