18 ዓመት የሞላው ማን ነው?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ወታደርነት ዕድሜ ነው። አንድ ሰው ወታደር ለመሆን ስንት ዓመት ሊሞላው ይገባል? ዕድሜውንስ በምን እናውቃለን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ በመጥፋቱ ግን ልጁን ያጣ ቤት አለ።

አገርን መጠበቅ የከበረ ሥራ ነው። ሥራው ግን የሙሉ ሰው ሥራ ነው። ወታደር ጠመንጃና ጥይት ተሸክሞ ሌሊት ይጓዛል። ረሃብና ጥማት ይችላል። ከሁሉም በላይ መቼ መተኮስ፣ መቼ አለመተኮስ እንዳለበት መለየት ይገባዋል። የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ግን አጥንቱ ገና አልጠናም፤ አእምሮውም ገና በማደግ ላይ ነው። አደጋን አያመዛዝንም። ትልቅ ሰው ያዘዘውን ክፉም ይሁን ደግ ይፈጽማል።

ይህን ገበሬ ሳይነገረው ያውቀዋል። ወይፈን ሳይጠና ቀንበር አይጫንበትም። ቢጫንበት ጫንቃው ይቆስላል፤ እርሻውም አይታረስም። ስለ ሰውም ቢሆን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንላለን። በልጆች የተሞላ ጦር ቁጥሩ ይበዛል እንጂ ጉልበቱ አይበዛም።

ሕጉስ ምን ይላል? በአገራችን 18 የሚለው ቁጥር አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው «አካለ መጠን ያላደረሰ» ይለዋል። በ1975 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ አወጣ። አዋጁ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ወንዶችና ሴቶች የሚመለከት ነበር። መጀመሪያ 6 ወር ሥልጠና፣ ቀጥሎ 2 ዓመት አገልግሎት፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመት ድረስ ተጠባባቂነት ነበረ።

እንግዲህ በአዋጁ መሠረት 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ መወሰድ አልነበረበትም። በተግባር ግን ምን ሆነ? ጦርነቱ እየከፋ ሄደ። የገበሬ ማኅበራትና ቀበሌዎች «ይህን ያህል ሰው አምጡ» ተባሉ። ቁጥሩ የግድ መሙላት ነበረበት። ብዙው ሕዝብ ደግሞ የልደት ወረቀት አልነበረውም። ስለዚህ ዕድሜ በቁመት ይገመት ጀመር። ከገበያና ከመንገድ ከተያዙት መካከል 18 ያልሞላቸው ልጆች ነበሩ። እናት «ኧረ ልጄ ገና ነው!» ብትል በምን ታስረዳ? አዋጁ ተጽፏል፤ የልጇ ልደት ግን አልተጻፈም።

ይህ ችግር የኛ ብቻ አልነበረም። የዓለም መንግሥታት በኅዳር 1982 ዓ.ም. የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ሲያወጡ፣ 15 ዓመት ያልሞላው ልጅ ወደ ጦር እንዳይገባ ተስማሙ። በዚያው ዓመት በሐምሌ የአፍሪካ መንግሥታት አዲስ አበባ ላይ የራሳቸውን የሕፃናት ቻርተር አጸደቁ። ቻርተሩ ከፍ አድርጎ 18 አለ። በግንቦት 1992 ዓ.ም. ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት ሌላ ተጨማሪ ስምምነት ወጣ። በእርሱ መሠረት መንግሥት 18 ዓመት ያልሞላውን አስገድዶ ወታደር ማድረግ አይችልም። በፈቃዱ የሚገባውን ግን ከ16 ዓመት ጀምሮ መቀበል ለየአገሩ ተተወ። እንግሊዝ ለምሳሌ ወላጅ ከፈቀደ የ16 ዓመት ልጅ ትቀበላለች። ከመንግሥት ውጭ ያሉ ታጣቂዎች ግን 18 ያልሞላውን ልጅ ወድዶ ቢመጣም መመልመል የለባቸውም።

ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጸደቀች። በፈቃድ ለሚገባውም ቢሆን ዝቅተኛው ዕድሜ 18 ነው ብላ አስመዘገበች። ስለዚህ «ልጁ ራሱ ወድዶ ነው የመጣው» ማለት ምክንያት አይሆንም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። በአነጋገራችን «18 ያዘ» እና «18 ሞላ» አንድ አይደሉም። አንድ ልጅ ግንቦት 10 ቀን 2000 ዓ.ም. ተወለደ እንበል። መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ስንት ዓመቱ ነው? ዓመቱን ከዓመት ብቻ ብንቀንስ 18 ይመጣል። ግን አይደለም! 17 ዓመት ከ4 ወር ነው። 18ን ይዟል እንጂ አልሞላውም። 18 የሚሞላው ግንቦት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ሕጉ የሚለው ደግሞ የሞላውን ነው። ስለዚህ ዓመቱ ብቻ አይበቃም፤ ቀኑና ወሩም መታወቅ አለበት።

የበሬ ዕድሜ በጥርሱ ይታወቃል። የሰው ዕድሜ ግን በጥርስም በቁመትም አይታወቅም። «በድርቁ ዓመት፣ በጥምቀት ማግሥት ነው የተወለደው» ብንል ድርቁ ስንት ጊዜ መጥቷል? «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለዚህ ነው። እኛ ይህን የምንናገር ተማሪዎች ራሳችን 18ን ካለፍን ገና ጥቂት ዓመታችን ነው። እኛም ዕድሜያችንን የምናስረዳው በቁመታችን ሳይሆን በተጻፈ ነገር ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ልጅ ሲወለድ በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌ እናስመዝግብ። ይህ ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ያለፈን ልጅም ሄዶ ማስመዝገብ ይቻላል። የምስክር ወረቀቱን ተቀብለን እርጥበትና አይጥ በማይደርስበት ቦታ እናስቀምጥ።

ሁለተኛ፣ ዛሬ እጃችን እርሳስ ይዟል። ማታ ቤት ስንገባ የእያንዳንዱን ልጅ ስም፣ የተወለደበትን ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት በደብተር እንጻፍ። ደብተሩ የምስክር ወረቀትን አይተካም። ግን እንዳንረሳ ይጠብቀናል። ለሴት ልጅም ይጠቅማታል፤ የጋብቻ ዕድሜም 18 ነውና።

ሦስተኛ፣ ስለ ዕድሜ ምስክርነት ስንጠየቅ አንድም ዓመት አንጨምር። ልጁ ራሱ ቸኩሎ ዕድሜውን ቢጨምር እንኳ አንተባበረው። በጎረቤት ልጅ ላይ የጨመርነው ዓመት ነገ በራሳችን ልጅ ላይ ይጨመራል።

ሕግ ጋሻ ነው። ጋሻ ግን ያለ እጅ አይነሣም። የልጃችን የልደት ቀን የተጻፈበት ወረቀት ያንን ጋሻ የሚያነሣ እጅ ነው። ስለዚህ ፊደል የቆጠርን ሁላችን፣ ከልጆቻችን ልደት እንጀምር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. «18 ያዘ» እና «18 ሞላ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2. በ1975 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 18 እያለ ልጆች ለምን ተወሰዱ?
3. የልጆቻችሁ የልደት ቀን ተጽፏል? ካልተጻፈ ዛሬ ጻፉት።