በያጁ የማያየው መጋጠሚያ



በመርከብ መሥሪያ ውስጥ የተመሰከረላቸውን የቧንቧ በያጆች የሚመራ ሰው ብየዳ አያስተምራቸውም፤ በእጃቸው ይበልጡታል። ድርሻው ሌላ መሆኑን «ትሬሸር» የተባለችው የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ታሪክ ያስረዳል።

መርከቧ እስከ 1963 እ.ኤ.አ. የጸደይ ወራት ድረስ በተሠራችበት በፖርትስመዝ የባሕር ኃይል መርከብ መሥሪያ በጥገና ላይ ነበረች። ከቧንቧዎቿ ብዙዎቹ የተጋጠሙት በብር ቅይጥ ነው። በዚህ ዘዴ ቧንቧው ራሱ አይቀልጥም፤ የሚቀልጠው ቅይጡ ሲሆን፣ በቧንቧውና በመጋጠሚያው መካከል ወዳለው ቀጭን ክፍተት ሰርጎ ይገባል። ስለዚህ መጋጠሚያው ከውጭ ያማረ፣ በውኃ ግፊት ሲፈተንም የማያፈስ ሆኖ ሳለ ውስጡ በሚገባ ያልተያያዘ ሊሆን ይችላል። አንጋፋ በያጆች ይህ ሲነገራቸው ይቀየማሉ፤ ቢሆንም ዓይን ብረት ዘልቆ አያይም።

በጥገናው ጊዜ 145 መጋጠሚያዎች በረቂቅ የድምፅ ሞገድ ተመረመሩ። 14 በመቶ ያህሉ ከደረጃ በታች ሆነው ተገኙ። የቀሩትን ለማየት የቧንቧውን ልባስ መግፈፍ ያስፈልግ ነበር፤ ይህም መርከቧን ከቀጠሮዋ ያዘገያል። ምርመራው ሳይቀጥል ቀረ።

ኤፕሪል 10 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. መርከቧ 129 ሰዎችን እንደ ያዘች ሰጠመች። መርማሪው ጉባኤ የባሕር ውኃ ቧንቧ መሰበሩን የሚመስል ምክንያት አድርጎ አቀረበ፤ በኋላ ሌላ አስተያየት የሰጡም አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ በያጆቹ እሳታቸውን አጥፍተው ሄደዋል፤ መርማሪዎቹም ቁጥሩን ጽፈው አስረክበዋል። ቁጥሩን ይዞ «መርከቧ አትወጣም» ማለት የነበረበት ኃላፊ ነው።

በዚያው ዓመት «ሰብሴፍ» የተባለው የደኅንነት ሥርዓት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ለወሳኝ መጋጠሚያዎች የቁሱ ዓይነት፣ የሥራውና የምርመራው ማስረጃ በመዝገብ ካልቀረበ ሰርጓጅ መርከቧ ለመጥለቅ አይፈቀድላትም።