ሳይከፈል የሚታይ ጥበብና የመሐንዲሱ ድርሻ



ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የሚባለው ቤት በ1948 ዓ.ም. ሲከፈትና የአንበሳው ሐውልት በአቅራቢያው ሲቆም፣ ሁለቱም ከዘውዱ በዓል 25ኛ ዓመት ጋር የተያያዙ ሥራዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ ከሕዝብ ጋር ያላቸው ግንኙነት አንድ አይደለም። ወደ ቲያትሩ ለመግባት ቲኬት ያስፈልጋል፤ ፈረንሳዊው ቀራጺ ሞሪስ ካልካ የሠራውን አንበሳ ግን ተሸካሚውም፣ ተማሪውም፣ አውቶቡስ ጠባቂውም ሳይከፍል ያየዋል። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ታላቅ ሥራ ቢሆንም፣ በሚጠበቅ ግቢ ውስጥ ስለሚገኝ መንገደኛው አያየውም። ልዩነቱን ያመጣው የጥበቡ ደረጃ ሳይሆን ሥራው የቆመበት ቦታ ነው።

ለገዳዲ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው ግድቡ ነው። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ሲሰጥ ኖሯል። ውኃው ወደ ከተማው ሲወርድ፣ ቲያትሩና የሥዕል ትምህርት ቤቱ ግን በዚያው በከተማው ቀርተዋል። የለገዳዲ፣ የሰበታ፣ የቡራዩ ወይም የሱሉልታ ወጣት አንድ ተውኔት ለማየት ከቲኬቱ ሌላ የመጓጓዣ ዋጋ ያስፈልገዋል፤ ሲመሽም መመለሻው ያሳስበዋል። በእነዚህ ከተሞች ቤትና ፋብሪካ በፍጥነት ይሠራል። መሬቱ አንድ ጊዜ ከተሸነሸነ በኋላ ደግሞ ለአደባባይ የሚሆን ቦታ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

የመሐንዲሱ ድርሻ እዚህ ላይ ይጀምራል። የትርኢት ሥፍራ የግድ ውድ ሕንፃ አያሻውም። ተዳፋት መሬት በእርከን ቢስተካከል መቀመጫ ይሆናል፤ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ ድምፅ የሚመልስ የጀርባ ግድግዳ፣ የመብራት መስመርና መጸዳጃ ቢታከሉለት በበጋው ወራት ያገለግላል። ለሥዕል የሚታሰብ ግድግዳም ከመሠረቱ እርጥበት እንዳይወጣበት መከላከያ፣ ከአናቱም ዝናብ የሚያርቅ ክዳን ሊኖረው ይገባል፤ ልስኑ በሚገባ ሳይደርቅ ቀለም ሊነካው አይገባም። በደጋው ከፍታ ፀሐይ ቀለምን ቶሎ ስለምታደበዝዝ፣ የቀለሙም ዓይነት ታስቦበት መመረጥ አለበት።

ሳይከፈል የሚታይ ማለት ወጪ የሌለው ማለት አይደለም። ተመልካቹ ባይከፍልም ሠዓሊው፣ ተዋናዩና ሙዚቀኛው የድካማቸውን ማግኘት አለባቸው። ስለዚህም ወጪው እንደ ቧንቧውና እንደ አስፋልቱ በሥራው የዋጋ ዝርዝር ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታ ይኑረው እንጂ፣ ሕንፃው ካለቀ በኋላ በልመና የሚፈለግ ጌጥ አይሁን። በግድግዳው ላይ ምን እንደሚሣል፣ በመድረኩም ላይ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ ምን እንደሚቀርብ መወሰን የነዋሪውና የጥበብ ሰው ፋንታ ነው፤ የመሐንዲሱ ተግባር ቦታውን ማስቀረት ነው።

የለገዳዲ ውኃ ከተማው የደረሰው ቧንቧ ስለተዘረጋለት ነው። ጥበብም ወደ ለገዳዲ የምትደርስበት መንገድ የሚዘረጋው በንድፍ ጠረጴዛ ላይ፣ መሬቱ ተሸንሽኖ ከማለቁ በፊት ነው።